ዶቃው ሰሃን ላይ ያምራል፣ ክር ላይ ሲገባ ይፈዛል፤ ቀለም እንዴት ነው የምትመርጡት?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ዶቃ እሰካለሁ። የአንገት፣ የእጅ፣ አንዳንዴም የጆሮ። ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እጄ ላይ ችግር የለም፤ ቋጠሮዬ አይፈታም፣ እስካሁን የተበጠሰበት ሰው የለም። ያስቸገረኝ ቀለም ነው።

የሰሞኑን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። ለመልሷ የአንገት ጌጥ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ መርካቶ ወረድኩና ስድስት ዓይነት ዶቃ ገዛሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ። ሁሉም ደቃቅ፣ ቁጥር 11 የሚባለው ነው። ቤት ገብቼ በየሰሃኑ ስገለብጣቸው ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ፤ ከረሜላ ነው የሚመስሉት። ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ እያልኩ እያፈራረቅኩ ሰካሁት። ሲያልቅ አንገቴ ላይ አድርጌ መስታወት ፊት ቆምኩ። ከቅርብ ደህና ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ግን ያ ሁሉ ቀለም ጠፋ። ቡኒ ይሁን ግራጫ የማይለይ፣ አፈር የመሰለ ነገር ሆነ። እናቴ እኔ እንደሠራሁት ሳታውቅ "ይሄን አሮጌ ዶቃ ከየት አመጣሽው?" አለችኝ። አልዋሻችሁም፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ ቀለም ያነበብኩት ሁሉ ተቃራኒ ቀለሞች አንዱ ሌላውን ያደምቃል ይላል። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከሐምራዊ። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ስንት ቀለም ይበቃል? እናንተስ ከየት ነው የምትጀምሩት፣ ከልብሱ፣ ከዶቃው ወይስ ከምታደርገው ሰው? ልጅቷ ጠይም ናት። ቀሚሷ ነጭ ነው፣ ጥለቱ ጠቆር ያለ ቀይና ወርቃማ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።


ሥዕል የተማረው፦

አይዞሽ እህት። ያነበብሽው ውሸት አይደለም፤ ግን የሚሠራው ቀለሙ ስፋት ሲኖረው ነው። ቀይ ቀሚስ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ጣል ቢደረግ ሁለቱም ይደምቃሉ። ደቃቅ ዶቃ ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 11 ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ትንሽ ነገር ትንሽ ራቅ ካለ ዓይናችን ለየብቻ አያየውም። አጠገቡ ካለው ጋር ደባልቆ አንድ ቀለም ያደርገዋል። ቀይና አረንጓዴ እንደዚያ ሲደባለቁ ወደ ቡኒ ይሄዳሉ። የቢጫና የሰማያዊው ደግሞ ይገርምሻል። እኔ ብሩሽ ላይ ስቀላቅላቸው አረንጓዴ ይሰጡኛል፤ ዓይን ውስጥ ሲቀላቀሉ ግን ግራጫ ነው የሚሆኑት። አንቺ ስድስቱንም ፍሬ በፍሬ ስላፈራረቅሽ እናትሽ ያዩት ድብልቁን ነው።

ስለዚህ ዶቃሽን አትጣዪ፣ ሰብሰብ አድርጊው። አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ ከምትዪ አሥር አሥራ አምስት ቀይ ተከታትሎ ይሂድ፣ ከዚያ ሌላው ይግባ። ካልሆነም ዶቃውን ተለቅ አድርጊው። ቁጥር 8 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 6 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዶቃው ይተልቃል፤ ይሄ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ያደናግራል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ለእኔ ከቀለሙ ስም በላይ ንጣቱና ጥቁረቱ ነው የሚያሳስበኝ። ቀይሽና አረንጓዴሽ በስም ይለያያሉ እንጂ ጥቁረታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ዶቃዎቹን ጎን ለጎን አድርጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ሁሉም አንድ ግራጫ ከሆኑ አብረው ሲሰኩ ይጠፋፋሉ። አንዱ ነጣ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ጠቆር ብሎ ከታየ ቀለማቸው ምንም ይሁን ምን ጌጡ ከሩቅ ይነበባል። የሐመር ሴቶችን የቆዳ ልብስ አይተሽ ከሆነ እዚያ ላይ ያለው ዛጎል ምን ያህል እንደሚያበራ ታውቂያለሽ። ነጭ ነገር ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ስለተቀመጠ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አራት ኪሎ ከሆንሽ ደግሞ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቅርብሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ሂጂና ጌጣጌጡን ብቻ እያየሽ ዙሪ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ያላገኘሁትን እዚያ አግኝቻለሁ።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው ነው። ሼቭሮል የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ፓሪስ ውስጥ ጎብላ በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር በደንብ አልጠቆረም የሚል ቅሬታ ይመጣበታል። ቀለሙን ሲመረምረው ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያበላሸው አጠገቡ የገባው ሌላ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ያንን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመው፤ ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ ይማሩበታል። ያንቺም ነገር ከዚህ ይቀራረባል። ቀይሽ ጥሩ ቀይ ነው፣ ጎረቤቱ ነው ያበላሸው።


የቸርችል ጎዳናዋ፦

የላይኛው ወንድሜ ትክክል ነው። እኔ ቀለም የተማርኩት ግን ደንበኛ ፊት ቆሜ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀጥሬ ሠርቼ አሁን የራሴን እሠራለሁ። የኔ እህት፣ ጥያቄሽ ውስጥ ያልነገርሽን አንድ ነገር አለ። ዶቃውን ስትገዢ በምን ብርሃን ነው ያየሽው? ማታ ስትሰኪስ?

ሱቅ ውስጥ ያለው ነጭ አምፖል ሰማያዊውን ያጎላል፣ ቀዩን ያደርቀዋል። ቤት ያለው ቢጫ አምፖል ደግሞ ክሬሙንና ነጩን አንድ ያደርጋል። ሁለት ዶቃ አምፖል ሥር መንታ ሆነው ታይተው ፀሐይ ላይ ሲወጡ የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባለሱቁን "ደጅ ላይ ልየው" በዪው። ማንም አይከለክልሽም። ማታ መሰካቱ አይከፋም፣ የቀለም ምርጫውን ግን ቅዳሜ ጠዋት መስኮት አጠገብ ጨርሺው።

ክርሽንም አስቢበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ዶቃ የክሩን ቀለም ይጠጣል። ያው ሰማያዊ ዶቃ ነጭ ክር ላይ ሰማይ ይመስላል፣ ጥቁር ክር ላይ ደግሞ ቀለም እንደገባበት ጠርሙስ ይከብዳል። እኔ አንዳንዴ አንድ ዓይነት ዶቃ ብቻ ገዝቼ በሁለት ክር እየሰካሁ ሁለት ዓይነት ጌጥ አወጣለሁ። ብርሃን የማያሳልፈው ላይ ክሩ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ጠይም ናት ብለሻል። እሰይ! ጠይም አንገት ላይ ክሬም፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቀይ፣ ወርቃማ ሁሉም ይናገራሉ። የሚጠፋው ቡኒና ድፍን ያለ መዳብ ነው፤ ከቆዳዋ ጋር ይመሳሰላል። የግድ ቡኒ ካማረሽ የሚያብለጨልጨውን ውሰጂ። ማት የሚሉት፣ ወዝ የሌለው ዶቃ፣ ቀለሙ አንድ ሆኖ እንኳ ከሚያብረቀርቀው ፈዘዝ ብሎ ነው የሚታየው። ሌላም ነገር አለ። ማተብ ካላት ጥቁር ክር አንገቷ ላይ ሁልጊዜ አለ ማለት ነው። እሱም አንድ ቀለም ነው። ጌጡ ከማተቡ ዝቅ ብሎ እንዲውል አርገሽ ለኪው፣ አለዚያ ይጠላለፋሉ።

ሐምራዊውን ግን ለሠርግ አልመክርሽም፣ ቀለም እንደማይለቅ ካላረጋገጥሽ። ርካሽ ሮዝና ሐምራዊ ዶቃ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ የተቀባ ነው። እውነተኛ ሮዝ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወርቅ ተጨምሮበት ስለሆነ በዚያ ዋጋ ሊሸጥልሽ አይችልም። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ ብዙ ሮዝ ገዝቼ ሃያ የሚሆን አምባር ሠራሁ። በሁለት ወር ውስጥ ደንበኞቼ እየመለሱ አመጡልኝ፤ ላብ የነካው ሁሉ ነጭ ሆኗል። የሁሉንም ገንዘብ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዶቃ ስገዛ ጥቂት ፍሬ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን በረጠበ ጥጥ አሻለሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ አንድ ወር አቆያለሁ። አንቺ ወር የለሽም፣ የአሴቶኑን ዛሬውኑ አድርጊው።


የአያቴ ልጅ፦

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። ሕግ ሕግ ስትሉ ልጅቷ ዶቃ መንካት ትፈራለች። አያቴ የተቃራኒ ቀለም ሕግ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የኖረችው። ያስቀመጠችው ዶቃ አለ፣ እሷ ጨሌ ነው የምትለው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ያልተሰካበት ቀለም የለም፤ እንደ እሱ የሚያምር ነገር ግን አላየሁም። ጨሌ ሲባል ከባዕድ አምልኮ ጋር ስለሚያያይዙት ዘመዶቻችን "አውጪና ጣዪው" ይሏት ነበር። እሷ ግን የወጣትነቴ ነው ብላ አልጣለችውም። እኔም የምሰካው ልቤ እንዳለኝ ነው። እህቴ፣ ልብሽን ስሚ።


ሥዕል የተማረው፦

የአያትሽን ዶቃ ባየው ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ በቀለሞቹ መሃል ምን አለ? ደግሞስ ፍሬዎቹ እንደዚህ ደቃቅ ናቸው?


የአያቴ ልጅ፦

ስላስቆጣኸኝ ዛሬ ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። ፍሬዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የሽምብራ ያህል። በየመሃሉ ነጭ አለ። በየሦስቱ አንድ ነጭ፣ ሳትዘልል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳየው ነጩን ልብ ብዬው አላውቅም። አያቴን ደውዬ ጠየቅኳት። "ነጭ ከሌለበት ይጣላሉ" አለችኝ። ስለዚህ እሷም ታውቃለች፣ የምታውቀው በሌላ ቃል ነው። ልብሽን ስሚ ያልኩትን አልመልስም። ነጩን ግን ጨምሪበት።


ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ፦

ሰላም ቤቶች። የኔ ሥራ ልብስ ነው፣ ዶቃ አላውቅም፣ ጥለት ግን ስንቱን አይቻለሁ። አንቺ ከየት ልጀምር ላልሽው የኔ መልስ ከጥለቱ ነው። ሸማኔው ያንን ሥራ ሠርቶልሻል። ጥለቱን ጠጋ ብለሽ እዪው። አንዱ ቀለም ሰፊውን ቦታ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ቀጭን መስመር ሆኖ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ሦስተኛው እንደ ጨው ነው። ሲያንስ ይታወቃል፣ ሲበዛም ይታወቃል። ጥሩ ሸማኔ ሦስቱን እኩል አያደርግም።

ለአክስትሽ ልጅ የምልሽ ይሄ ነው። ጥለቱ ጠቆር ያለ ቀይና ወርቃማ ከሆነ ዶቃው የግድ እሱኑ መድገም የለበትም። አንዱን ብቻ ውሰጂ። ሙሽሮች ሲመጡ የማየው ስህተት ጥለቱም፣ ጌጡም፣ ጫማውም ቦርሳውም ያው ቀለም ሲሆን ነው፤ ፊቷ የሚታይበት ቦታ ይጠፋል። ቀሚሱ ደረቱ ላይ ጥልፍ ወይም ሙካሽ ካለበት የአንገቱን አቅልዪው፣ አንድ ረድፍ ይበቃል። ደረቱ ባዶ ከሆነ ሦስት ረድፍም ይችላል። ማያያዣው ወርቃማ ይሁን። ወርቃማ ጥለት ላይ ብርማ ነገር ሲመጣ ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል።


የአራት ኪሎዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅቷ የወሎ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ አላት፣ እናቷ የሰጠቻት፤ መሃል ላይ ይግባልኝ አለች። ነጭ ነው፣ ሲዞር አረንጓዴና ብርቱካናማ ይፈነጥቃል። ከቀዩ ጋር ይሄዳል?


የቸርችል ጎዳናዋ፦

ይሄዳል፣ ግን ድንጋዩ ራሱ ሁሉም ቀለም አለው። አጠገቡ ብዙ ቀለም ከደረደርሽ ይቀናቀኑታል። ከግራና ከቀኝ አራት አምስት ፍሬ ክሬም ወይም ወርቃማ አድርጊና ቀዩ ከዚያ ወዲያ ይጀምር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሲረጥብ ብርሃን እያሳለፈ የቀለም ጨዋታው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ እንዳትደነግጪ። ውሃ የሚጠጣ ነገር ቀለምም ቅባትም ይጠጣል። ቀለም የሚለቅ ዶቃ አጠገቡ አታድርጊ። ሙሽራዋም መጀመሪያ ሽቶዋን ትቀባ፣ ጌጡን በመጨረሻ ታድርግ።


የአራት ኪሎዋ፦

ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን በመቀስ ቆረጥኩት። ፍሬውን ለመለየት ብቻ ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ እናቴም ታናሽ ወንድሜም አግዘውኛል። በአሴቶን ያሸሁት ሐምራዊ ጥጡን አቀለመው፤ ወዲያው አወጣሁት። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩና የቀሩትን አምስቱን ደርድሬ በጥቁርና ነጭ አነሳኋቸው። ቀይና አረንጓዴ አንድ ናቸው! ልዩነት የላቸውም። ሰማያዊውም ከእነሱ ብዙ አይርቅም። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ያ ሁሉ ማታ አይባክንም ነበር።

አዲሱ እንዲህ ሆነ። መሃል ላይ ኦፓሉ፣ በሁለቱም ጎን አምስት አምስት ክሬም፣ ከዚያ ቀይ አሥራ ሁለት፣ አንድ ወርቃማ፣ ሁለት ክሬም፣ አንድ ወርቃማ፣ እንደገና ቀይ አሥራ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁለት ረድፍ ነው፣ ደረቷ ላይ ጥልፍ ስለሌለ። ክሬሙን የጨመርኩት በአያትየው ቃል ነው፣ "ነጭ ከሌለበት ይጣላሉ" ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ። ትናንት እናቴ አንገት ላይ አድርጌ ሳሎኑ ጫፍ ድረስ ሄጄ አየሁት። ቀዩ ቀይ ነው። ከበሩም ሆኜ ቀይ ነው። እናቴ እንዲወልቅላት አልፈለገችም፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ አድርጋው ቆየች።

አሁን ሙሽራዋ ለጆሮዋም ፈለገች። ቀዩ ግን አልቆብኛል።


የቸርችል ጎዳናዋ፦

እልል! የጆሮውን ቀይ በቃልሽ እንዳትገዢው። አንድ ጊዜ የተቀለመና ሌላ ጊዜ የተቀለመ ቀይ አይገጥምም፣ ስሙና ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ። ከተረፈሽ ሦስት አራት ፍሬ ክር ላይ ሰክተሽ ያዢና ረፋድ ላይ ሂጂ፣ ፀሐይ ሳለ። መጀመሪያ የገዛሽበት ሱቅ ግቢ፣ ያው ዕቃ አላለቀ ይሆናል። ካልገጠመ ለጆሮዋ ክሬምና ወርቃማውን ብቻ አድርጊላት፣ ቀዩ አንገቷ ላይ ይበቃታል። ስትገዢ ደግሞ ከሚያስፈልግሽ አንድ ፓኬት ጨምረሽ ያዢ።